ሽፋንም ዓመትም ባለቤትም የሌላቸው የድሮ ሥዕላዊ ታሪኮች፦ መቅዳት፣ ማጋራት፣ ማሳተም ይቻላል?

ብራና ዘአራዳ (ጠያቂ)

ሰላም ወገኖች። እዚህ ጎንደር፣ አራዳ አካባቢ ላለ አነስተኛ የልጆች ንባብ ክፍል የተሰበሰቡ 46 የድሮ ሥዕላዊ ኅትመቶች አሉ። በሦስት ክምር ከፍዬ አስቀምጫቸዋለሁ።

አንደኛው 19 የአማርኛ ቡክሌት ነው። ታሪኩ በሥዕል ተከፋፍሎ፣ ንግግሩ በእጅ ጽሕፈት የገባ። አብዛኛው ሽፋን የለውም፤ በ7ቱ ላይ የማተሚያ ቤት ስም ይታያል፣ የደራሲ ግን የለም። ሁለተኛው 9 ደብተር ነው፣ ከጋዜጣና ከመጽሔት የተቆረጠ ካርቱን የተለጠፈበት። ሦስተኛው 18 የውጭ መጽሔት፦ እንግሊዝኛና ጥቂት ጣልያንኛ።

የታሰበው (ሀ) ስካን አድርጎ ማስቀመጥ፣ (ለ) በቴሌግራም ቻናል ማጋራት፣ (ሐ) ከአማርኛዎቹ ሁለት ሦስቱን በ200 ቅጂ አሳትሞ ለትምህርት ቤቶች በነፃ መስጠት ነው። አንዱ «50 ዓመት ያለፈው ነፃ ነው» ይላል፤ ሌላው «ባለቤቱ ካልታወቀ የማንም ነው» ይላል። የትኛው ነው ልክ? ስካነሩ አሮጌ ጠፍጣፋ ነው፤ በስንት ዲፒአይ (በአንድ ኢንች በስንት ነጥብ) ይቀዳ? ስቴፕሎቹ ዝገዋል።

ሽፋን ፈላጊ

ከሕጉም ከስካነሩም በፊት ሽፋኑን እናስብ። መሃሉን በስቴፕል የተያዘ ቡክሌት የፊትና የኋላ ሽፋኑ አንድ ወረቀት ነው። ደራሲው፣ ሠዓሊው፣ ማተሚያ ቤቱ፣ ዓመቱ የሚሰፍሩት እሱ ላይ ነው፤ መጀመሪያ ተገንጥሎ የሚጠፋውም እሱ ነው። ስለዚህ ከ19ኙ ብዙዎቹ ደራሲ የሌላቸው ሳይሆኑ ደራሲያቸው የተገነጠለባቸው ሊሆኑ ይችላሉ። ስም ሳይጠቅስ የታተመና ስሙ ከአንተ ቅጂ ላይ የጠፋ ሥራ በሕግ አንድ አይደሉም። መሃል ላይ ታሪኩ ዘሎ ከተገኘ ደግሞ የመሃሉ ወረቀት ወጥቷል ማለት ነው፤ አንድ ወረቀት ሲወጣ 4 ገጽ ይዞ ነው የሚሄደው።

ሙሉ ቅጂ የሚፈለገው አዲስ አበባ ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱና ቤተ መዛግብቱ) ነው፤ አሳታሚዎች ቅጂ እንዲያስገቡ የሚያስገድድ ሕግ ስለነበረ ሌላ ቦታ የሌለ ነገር እዚያ ይገኛል። ሁለተኛው ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ነው። ካታሎጉ ላይ «ኮሚክ» ብለህ አትፈልግ፤ በእኛ አፍ ኮሚክ ማለት የሚያስቅ ሰው ነው፣ ካታሎግ ሠሪውም አልተጠቀመበትም። «ሥዕላዊ ታሪክ»፣ «በሥዕል የተደገፈ»፣ «ተረት»፣ «የልጆች መጽሐፍ»፣ «ካርቱን» በል። ፊደሉንም ቀያይር፦ ሥዕል፣ ስዕል፣ ሥእል። ኮምፒዩተሩ ሠ እና ሰ አንድ ድምፅ መሆናቸውን አያውቅም። የራስህን መዝገብ ስትሠራ ርእሱን ሽፋኑ ላይ እንዳለው ጻፍ፣ አጠገቡ ሌላ ዓምድ ክፈትና በቀለለው ፊደል ድገመው።

ዓመት ለሌለው ቡክሌት ከውስጡ ፍንጭ ይወጣል። አድራሻ ላይ «በጌምድር» ካለ ከ1967 በፊት ነው። «ጎንደር ክፍለ ሀገር» ካለ የደርግ ዘመን ነው። «ቀበሌ» እና «ከፍተኛ» ከ1967 ወዲህ የመጡ ናቸው። «ክልል 3» ካለ ከ1984 ወዲህ ነው። «ኢትዮጵያ ትቅደም» ከ1966 መጨረሻ በፊት አይገኝም። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ዋጋ «የኢትዮጵያ ዶላር» የሚል ከሆነ በአብዛኛው ከ1969 በፊት ነው። የአዲስ አበባ ስልክ ስድስት አኃዝ ከሆነ ከ1998ቱ የቁጥር ለውጥ በፊት ነው፤ ይኼኛው ብዙ አያጠብብም።

ሰው ሁሉ የሚሳሳተው በዘመን አቆጣጠሩ ነው። «1965» የሚል ቡክሌት አይተው ፈረንጅ 1965 ብለው ይመዘግባሉ፣ ወዲያው 7 ወይም 8 ዓመት ይዛባል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት የታተመ ከሆነ 7 ደምር፣ ከዚያ በኋላ ከሆነ 8። ወሩ ካልታወቀ ሁለቱንም ዓመት ጻፍ። ፲፱፻፷፭ን የመሰለ የግእዝ ቁጥር ካለም እንዳለ ገልብጠው፣ ትርጉሙን አጠገቡ አድርግ።

ተጨማሪ ለመፈለግ፦ ቅዳሜ ገበያ በኪሎ የሚሸጥ አሮጌ ወረቀት ውስጥ ከመጠቅለያነት በፊት ማየት ነው። የቆሎና የበርበሬ መጠቅለያ ሆኖ የሚያልቀው መጽሔት ብዙ ነው። የትምህርት ቤት መጋዘን ሲጸዳም እንዲሁ፤ ቆራሌው ከመድረሱ በፊት መድረስ ነው። የቤተ መጻሕፍት ማኅተም ያለበት ከመጣ «የተወገደ» የሚል ምልክት መኖሩን እይ። ከሌለ ቤተ መጻሕፍቱን ሳትጠይቅ አትግዛ።

ዝም ብለህ ጫን

ወንድሜ አታካብድ። ቴሌግራም ላይ ስንት ፒዲኤፍ ተጭኗል፣ ማን ተከሰሰ? በነፃ ነው የምትሰጠው፣ ለልጆች ነው። ባለቤቱ ቢመጣ ታጠፋዋለህ፣ አለቀ።

አንቀጽ ቆጣሪ

ከላይ ያለው አስተያየት ሁለት ስሕተት አለው። «በነፃ» መሆኑ ከፈቃድ አያድንም፤ የማባዛትና የማሰራጨት መብት የባለመብቱ ነው፣ ብትሸጠውም ብታድለውም። «ሲመጣ አጠፋዋለሁ» የሚለው ደግሞ ለቴሌግራም ቢሠራ ለታተመ 200 ቅጂ አይሠራም። ጥሰቱ በፍትሐ ብሔር ብቻ ሳይሆን በወንጀልም ያስጠይቃል።

ሕጉ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እና ማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 872/2007 ነው። «50 ዓመት» የሚለው ወሬ ከዚህ የመጣ ነው፣ ግን የሚቆጠረው ከየት እንደሆነ ተቆርጦ ነው የሚወራው። ስሙ የታወቀ ሰው ሥራ ከሆነ ዕድሜ ልኩንና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። የጋራ ሥራ ከሆነ የሚቆጠረው መጨረሻ ከሞተው ነው። ሥዕላዊ ታሪክ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የጸሐፊና የሠዓሊ ነው፤ ጸሐፊው በ1962 ሞቶ ሠዓሊው በ1990 ቢሞት መብቱ እስከ 2040 ይዘልቃል። ስም ሳይጠቀስ ወይም በብዕር ስም የታተመ ከሆነ ግን ከኅትመቱ 50 ዓመት ነው፣ ማንነቱ እስካልታወቀ ድረስ።

እንግዲህ በ2018 ስናሰላ፦ በ1965 ያለ ስም የወጣ ቡክሌት በ2015 አብቅቷል። በ1972 የወጣው ገና ነው። በ1960 የታተመ፣ ሠዓሊው የታወቀ፣ በ1985 የሞተ ከሆነ እስከ 2035። «1960 አሮጌ ነው» ብሎ መጫን የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው። ጫፍ ላይ ላለው አንድ ዓመት ጨምር። ሽፋን ፈላጊ ያለው ነገር ክብደቱ አሁን ይታያል፦ የአንተ ቅጂ ሽፋን ስለጠፋበት ብቻ «ያለ ስም የታተመ» ብለህ 50 ዓመቱን ከኅትመቱ መቁጠር አትችልም። ቢያንስ አንድ ሙሉ ቅጂ ታይቶ ስም እንዳልነበረው መረጋገጥ አለበት።

ሌሎች የተለመዱ ስሕተቶችን ልጥቀስ። ማተሚያ ቤቱ የመብቱ ባለቤት አይደለም፤ ብርሃንና ሰላም ወይም አርቲስቲክ የሚል ጽሑፍ የት እንደታተመ ብቻ ነው የሚነግርህ። አሳታሚው መዘጋቱ፣ መወረሱ ወይም ስሙ መቀየሩ መብቱን አያጠፋውም። የመንግሥት ኅትመት ሁሉ ነፃ አይደለም፤ ጥበቃ የሌላቸው ሕግ ነክና አስተዳደራዊ ይፋ ጽሑፎች ናቸው፣ መሥሪያ ቤት ያሳተመው የልጆች ሥዕላዊ ታሪክ ከዚያ ውስጥ አይገባም። ዜና የሚያወራው ደረቅ መረጃም ጥበቃ የለውም፣ ካርቱን ግን ደረቅ መረጃ አይደለም። በቅጥር ላይ ሆኖ የተሠራ ከሆነ፣ ሌላ ውል ከሌለ፣ መብቱ የአሠሪው ነው፤ ስለዚህ ለሁለተኛው ክምር የሚጠየቀው ካርቱኒስቱ ብቻ ሳይሆን ጋዜጣው ጭምር ነው። ተረትና ቀልድም እንዲሁ ይለያል። የአለቃ ገብረ ሐና ቀልድ የሁላችንም ነው፤ አንድ ሠዓሊ ቀልዱን በ24 ሥዕል ከፍሎ ከሣለው ግን ሥዕሉ የእሱ ነው። ቀልዱን ወስደህ በአዲስ ሠዓሊ ማሣል ትችላለህ፣ ለትምህርት ቤቶቹ ከሁሉ የቀለለው መንገድም ይኸው ይመስለኛል።

ወደ ዕቅድህ። (ሀ) ለማስቀመጥ መቅዳት፦ አዋጁ ለቤተ መጻሕፍትና ለቤተ መዛግብት፣ ለትርፍ ካልሆነ፣ የተበላሸ ወይም የጠፋ ቅጂን ለመጠበቅና ለመተካት፣ ሌላ ቅጂ በተገቢ ሁኔታ ማግኘት ካልተቻለ ይፈቅዳል። ንባብ ክፍሉ በአንድ ተቋም ሥር ከሆነ ይህን በጽሑፍ ይዞ መሥራት ነው። (ለ) እና (ሐ) የተለዩ ናቸው፤ ጊዜው ማለፉ ያልተረጋገጠውን ያለ ፈቃድ አታድርግ። ባለመብቱ ሲጠፋ ያለው በር የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው፤ ለሕዝብ ጥቅም አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው የታተመ ሥራን ለማባዛት የጋራ ፈቃድ፣ ማለትም ለአንድ ሰው ብቻ ያልተወሰነ ፈቃድ፣ ሊሰጥ የሚችልበት አንቀጽ አለ። ማመልከቻው ላይ የት የት እንደተፈለገ፣ በምን ቀን፣ ማን ምን እንደመለሰ ዝርዝሩ ካልተያያዘ ግን ባዶ ወረቀት ነው። የፍለጋ ደብተር ዛሬ ክፈት።

የመስታወቱ ማዶ

ስካኑን ለእኔ ተዉት።

ስቴፕሉን ከውጭ አትጎትት፤ ወረቀቱ ከዝገቱ ጋር ስለተጣበቀ ቀዳዳው ይቀደዳል። መሃሉን ክፈት፣ የታጠፉትን ሁለት እግሮች በቀጭን ደነዝ ቢላ አንሥተህ ቀጥ አድርግ። ከቢላው ሥር ወረቀቱ እንዳይቧጨር ቀጭን ፕላስቲክ አንጥፍ። ከዚያ ቡክሌቱን ገልብጠህ ከጀርባው ቀስ ብለህ አውጣው። ስትመልሰው አዲስ ስቴፕል አታድርግ፣ በነባሩ ቀዳዳ በጥጥ ክር ስፋው። የተቀደደውን በስኮች አትለጥፍ። ሙጫው በዓመታት ውስጥ ቢጫ ሆኖ ወረቀቱ ውስጥ ይገባል፣ ሥዕሉን ይዞ ነው የሚነሣው። ላሚኔት ማድረግማ ጨርሶ አይታሰብ።

ስካነርህ ወፍራም፣ አምፖሉ ለመሞቅ ጊዜ የሚወስድ ከሆነ ዕድለኛ ነህ። ያ ዓይነቱ በአብዛኛው ሲሲዲ ነው፣ ከመስታወቱ ትንሽ ከፍ ያለውን እጥፋትም አጥርቶ ያያል። ቀጭኑ፣ ከዩኤስቢ ብቻ መብራት የሚያገኘው ሲአይኤስ ነው፤ ወረቀቱ ግማሽ ሳንቲሜትር ከተነሣ ያደበዝዛል።

ባለቀለሙን በ400 ዲፒአይ፣ ጥቁርና ነጩንና ጽሑፉ ደቃቅ የሆነውን በ600 ቅዳ፤ ሁሉንም በ24 ቢት ቀለም፣ ቢጫነቱ ሳይቀር። አንድ የኤ4 ገጽ በ400 ወደ 46 ሜጋባይት፣ በ600 ወደ 104 ሜጋባይት ይይዛል። ባለ 32 ገጽ ቡክሌት በ600 ከ3 ጊጋባይት በላይ ነው። ዋናውን በቲፍ (ጥራቱን በማይቀንስ የፋይል ዓይነት) አስቀምጥ፣ «ማሳመሪያ» የሚሉትን ሁሉ አጥፋ፦ ማሹሉን፣ ቀለም ማስተካከያውን፣ ነጥብ ማጥፊያውን። እነሱ ኋላ በቅጂው ላይ ይደረጋሉ። ቀለሙ ከመስመሩ ወጣ ብሎ ከታተመም አታርመው፣ የማሽኑ ታሪክ ነው።

የድሮ ቀለም በነጠብጣብ ነው የሚታተመው። ዲፒአዩ ዝቅ ሲል የስካነሩና የኅትመቱ ነጠብጣብ ይጋጩና እንደ ነጠላ ጥለት ሞገድ ይታያል። መድኃኒቱ ከፍ አድርጎ ቀድቶ ኋላ ማሳነስ ነው። ከወረቀቱ ጀርባ ጥቁር ካርቶን አድርግ፤ ያለሱ የኋላው ገጽ ጽሑፍ በስሱ ወረቀት አልፎ ይታያል።

የደብተሩን ቁራጭ አትላጥ። ገጹን እንዳለ ቅዳ፤ ጠርዙ ያልተጣበቀ ቁራጭ ካለ ግን ጀርባውን አይተህ ያገኘኸውን የዜና ቃል ጻፍ፣ የአዲስ ዘመንን ጥራዝ ስታገላብጥ ቀኑን የሚነግርህ ያ ነው።

ፋይሉን 001፣ 002 እያልክ ሰይም። «1» ብለህ ከጀመርክ ከ1 ቀጥሎ 10 ይመጣና ታሪኩ ይዘበራረቃል። ለንባብ ጎኑ 1800 ፒክስል የሆነ ጄፔግ ይበቃል፤ በዚፕ ጠቅልለህ መጨረሻውን ሲቢዚ ካደረግከው የኮሚክ ማንበቢያዎች ሁሉ ይከፍቱታል። ቴሌግራም ላይ በፋይል ላክ፣ በፎቶ ከላክኸው ይጨምቀዋል። መብራት ስለሚጠፋ በየገጹ አስቀምጥ፤ ሁለት ሃርድ ዲስክ ይኑር፣ ሁለቱ አንድ ቤት አይደሩ። ወረቀቱን በክረምት በፌስታል አትቋጥር፣ እርጥበቱ ታፍኖ ይሻግታል። በመሃሉ ተራ ነጭ የፎቶኮፒ ወረቀት አድርግ፤ ከካኪ ፖስታና ከጋዜጣ ይሻላል፣ አሲዱ ያነሰ ነው።

ብራና ዘአራዳ (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ። ስካነሩ ወፍራሙ ነው። ስለ ሦስተኛው ክምር ማንም አልነካም። የውጭውስ?

ሲንዲኬት

የውጭውን አገር በአገር ለየው። አዋጃችን የሚጠብቀው የኢትዮጵያውያንንና እዚህ መደበኛ ነዋሪ የሆኑ ሰዎችን ሥራ፣ እዚህ መጀመሪያ የታተመውን ወይም ውጭ ታትሞ በ30 ቀን ውስጥ እዚህ የታተመውን፣ ከዚያ ሌላ አገሪቱ በተቀበለችው ዓለም አቀፍ ስምምነት የሚካተተውን ነው። የስምምነቱ ዝርዝር ስለሚለዋወጥ በምትጭንበት ሳምንት ከዋይፖ (ከዓለም አቀፉ የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት) ገጽ ላይ እየው። ግን ኢንተርኔት ላይ ስትጭን ነገሩ ጎንደር አይቀርም፤ ሰርቨሩም አንባቢውም ውጭ ነው፣ የዚያም አገር ሕግ ይመጣል።

ለአሜሪካ፦ የታተመበት ዓመት (እ.ኤ.አ.) ካለቀ 95 ዓመት የሞላው ነፃ ነው። ከዚያ ወዲህ እስከ 1963 (እ.ኤ.አ.) የታተመው በ28ኛው ዓመት መታደስ ነበረበት፤ ካልታደሰ ነፃ ሆኗል። ከ1964 ወዲህ ያለው በራሱ ታድሷል፣ አትንካው። ብዙ አሳታሚዎች በ1950ዎቹ ስለተዘጉ ሳይታደስ የቀረ ኮሚክ ሞልቷል። እነዚህን አጣርተው የሚያስቀምጡ ዲጂታል ኮሚክ ሙዚየምና ኮሚክ ቡክ ፕላስ የሚባሉ ገጾች አሉ፤ የአንተ እትም እዚያ ካለ ስካን ማድረጉም ድካም ነው። ወጥመዱ እድሳቱን በስታንፎርድ የመረጃ ቋት ፈልጎ «የለም» ማለት ነው። ያ ቋት የመጻሕፍት እድሳት ብቻ ነው የያዘው፣ ኮሚክ ግን በመጽሔት ክፍል ነበር የሚመዘገበው። የአሜሪካ የቅጂ መብት መዝገብ ጥራዞች ስካን ተደርገው ስላሉ የመጽሔቱን ክፍል፣ ከኅትመቱ በኋላ 27ኛውንና 28ኛውን ዓመት፣ ለጥንቃቄ 29ኛውንም ተመልከት። መጽሔቱ ሳይታደስ ቢቀር እንኳ ውስጡ ያለው ከጋዜጣ የተወሰደ ተከታታይ ታሪክ ሲንዲኬቱ (ታሪኩን ለብዙ ጋዜጦች የሚያከፋፍለው ድርጅት) ለብቻው ያደሰው ሊሆን ይችላል። የጀግናው ስምና መልክ ደግሞ በንግድ ምልክት ተይዞ ሊቆይ ይችላል፤ ሽፋን ላይ በትልቁ ማውጣት የሚያስጠይቀው በዚህ ነው።

የእንግሊዝና የጣልያኑ ደራሲው ከሞተ 70 ዓመት ነው። ጣልያንኛዎቹን በደንብ እይ፤ የ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጣልያን መጽሔቶች የአሜሪካ ታሪኮችን ተርጉመው ያትሙ ነበር፣ ስለዚህ ሦስት መብት ሊደራረብ ይችላል፦ የሠዓሊው፣ የሲንዲኬቱ፣ የተርጓሚው። ያልጠራውን ገጽ ሳትጭን መዝግብ። ግራንድ ኮሚክስ ዳታቤዝ ርእሱን፣ ቁጥሩን፣ ዓመቱን፣ ሠዓሊውን የሚመዘግብ የበጎ ፈቃደኞች ካታሎግ ነው፤ ታሪኩን ሳታጋራ መኖሩን ማሳወቅ ራሱ ግማሽ ሥራ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ፦ የማይታወቀውን «ነፃ ነው» የሚል ምልክት ለጥፈህ አትጫን። ሌሎች ያንን አምነው ያትማሉ።

አንቀጽ ቆጣሪ

ወራሾች ከተገኙ «ይቻላል» የሚል የስልክ ቃል አይበቃም። ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃውን ጠይቅ፣ በማስረጃው ላይ ያሉት ሁሉ ይፈርሙ ወይም በውክልና አንዱ ይፈርም። አራት ልጆች ካሉ የአንዱ ፊርማ የሦስቱን አይሸፍንም። ውሉ ላይ ርእሱ፣ 200 ቅጂ፣ በወረቀት፣ ለስንት ዓመት፣ በስንት ክፍያ ወይም ያለ ክፍያ የሚለው ይኑር፤ የቴሌግራሙ ፈቃድ በሌላ ዓረፍተ ነገር ለብቻው ይጻፍ። ለወራሾቹ 10 ቅጂ መስጠትን ጨምርበት፣ ብዙ በር ይከፍታል። የሠዓሊውን ስም ከኅትመቱ አትሰርዝ፣ ሥዕሉንም ቆርጠህ አታሳንስ፤ ስሙ የመጠቀስና ሥራው ያለመዛባት መብት ከገንዘቡ የተለየ ነው።

የመስታወቱ ማዶ

ለማተሚያ ቤት ስትሰጥ ያንኑ ስካን እንዳለ አትስጥ። ነጠብጣቡ በነጠብጣብ ላይ ሲታተም ሞገዱ ይመለሳል። ጥቁርና ነጩን በ1200 ዲፒአይ ባለ 1 ቢት አድርገህ፣ ግራጫውን አስወግደህ ስጥ፤ ፊደሉ የተሰበረበትን ቦታ በዓይን እይ፣ ሟ እና ማ እዚያ ላይ ነው የሚምታቱት። ገጹ በ4 የሚካፈል ይሁን፦ 30 ገጽ ካለህ 32 ትከፍላለህ፣ ሁለቱን ባዶ ከምትተው ምንጩንና ፈቃዱን ጻፍባቸው። ከ200ው በፊት አንድ ናሙና አሳትመህ እየው።

ብራና ዘአራዳ (ጠያቂ)

ገና ሳልጀምር በአጉሊ መነጽር ሳይ በ4ቱ ቡክሌቶች የመጨረሻ ሥዕል ቀኝ ታች ጥግ ላይ ያው አንድ ዓይነት ፊርማ አለ። ሁለት ፊደል ነው፣ አንዱ «ገ» ይመስላል። እስከ ዛሬ ጭረት መስሎኝ ነበር።

ሽፋን ፈላጊ

እንግዲያው እነዚያ 4ቱ ያለ ስም የታተሙ አይደሉም፣ ከኅትመቱ መቁጠሩን ለጊዜው ተወው። ፊርማዋን ብቻ በ1200 ቅዳና እዚህ ለጥፋት፣ ገጹን አይደለም። ማተሚያ ቤቱ ከታወቀባቸው 7ቱ ውስጥ ከሆኑ የማተሚያ ቤቱን ስምና የገጹን መጠን በሚሊሜትር ጨምርበት። ወመዘክር ስትጽፍም የምትጠይቀው ርእሱን ሳይሆን የዚያን ማተሚያ ቤት የልጆች ቡክሌቶች ይሁን፤ ርእሱ ከሽፋኑ ጋር ስለሄደ አንተ ርእስ ያልከው የመጀመሪያው ገጽ አረፍተ ነገር ሊሆን ይችላል።